ድንኳን ስንተክል «ማን ሞተ?» ተባልን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ስለ ድንኳን ላወራችሁ ነው።

እኛ ጎንደር ድንኳን ከታየ ወይ ሰርግ ነው ወይ ለቅሶ። ሰርጉን ዘፈኑ ይለየዋል። ዝም ያለ ድንኳን ካየ ግን ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ነው የሚጠጋው። ለመዝናናት ሜዳ ላይ ማደር የሚባል ነገር አልለመድንም።

የሚገርመው ግን ነገሥታቱ ለዘመናት ድንኳን ውስጥ ነበሩ። አፄ ፋሲል በ1636 ገደማ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ጎንደር ላይ እስኪረጉ ድረስ ቤተ መንግሥቱ ከነሠራዊቱ ይዞር ነበር። የአካባቢው እንጨትና ቀለብ ሲሟጠጥ ነቅሎ መሄድ ነው። ክረምቱን አንድ ቦታ ይከርሙና በጋ ሲመጣ ዘመቻ። አባታቸው አፄ ሱስንዮስም ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ ተቀምጠዋል። እኛም የሄድነው እዚያው ጎርጎራ ነው።

መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው እንግዲህ። በአዘዞ፣ በቆላ ድባ አድርጎ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰሜን ተራሮች ለምን አልሄዳችሁም የሚል አይጠፋም። እዚያ ያሉት የድንኳን ሰፈሮች፣ ሳንቃበርም ግጭም፣ ያምራሉ፤ ብርዱን የሚችል ይሂድ። እኔ ጣና ይሻለኛል።

ጣና ዳር ድንኳን የሚተክል ሰው ከውኃው በፊት ሣሩን ይይ። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ውሎ ማታ ለግጦሽ ይወጣል፤ የለመደው መንገድ አለው። ሣሩ ተጋድሞ፣ ጭቃው ግራና ቀኝ ጎድጉዶ መሀሉ ከፍ ብሎ ካያችሁ፣ የእሱ መንገድ ነውና ራቅ በሉ። በጉማሬና በውኃው መካከል መገኘትን የመሰለ ክፉ ነገር የለም። ወባም አለ፤ አጎበር አትርሱ።

እኛ ከዳሩ ራቅ ብለን ዛፍ ሥር ተከልን። አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን ጎትቶ አወጣና ቀጥ አድርጎ ዛፍ ላይ አስደገፋት፤ ከተሠራችበት ደንገል ውኃው ይንጠፈጠፋል። ሳትደርቅ ካደረች ነገ ትከብዳለች አለን። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ገዛነው።

ወዲያው አንዲት እናት ከላይ ከመንደሩ መጡ፤ ነጠላቸው ተዘቅዝቋል። «ልጆቼ፣ ማን አረፈባችሁ?»

ማንም አልሞተም፣ ለመዝናናት ነው አልናቸው። ድንኳኗን ዞረው አዩዋት፤ ጨርቁንም በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። «ቤት እያለ?» አሉ። «እንግዳ ሜዳ ላይ አድሮ እኔን እንቅልፍ ይወስደኛል?»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ካምፕ የሚወጣው ከሰው ለመራቅ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም በዚሁ ሐሳብ ነበር የወጣሁት። ጎርጎራ ባለችበት በደምቢያ ግን አይሞከርም። እርሻው ከሐይቁ፣ ቤቱ ከእርሻው የተያያዘ ነው፤ ያለንበት ሜዳ ከብቶቻቸው የሚውሉበት ነው። ዝምታ ፍለጋ የሄድኩት የሰው ደጅ ነው። አሁን ብሄድ መጀመሪያ ቡናና ስኳር ይዤ እሳቸው ቤት እገባለሁ፤ ድንኳኑ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እሳቸው ተመልሰው ሄዱ። ሲመሽ ልጃቸው እንጀራና ሽሮ ይዞ፣ ጋቢውን ለብሶ ዱላውን ጨብጦ መጣ። እናቴ ጠብቃቸው ብላኛለች አለ። ግባ ብንለው እምቢ አለ። እኛ ዚፑን ዘግተን ውስጥ፣ እሱ ደጅ ሣሩ ላይ ተኛ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኮራፋ ጉማሬውንም አልሰማነውም። ጠዋት የእኛን ፓስታ ቀምሶ ለከብቶቹ ይሻላል አለ።