የጉድጓዱ ነገር

እሺ… እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ሲጥ ሲጥ የምትለው ወንበሯ ናት፣ ታውቋታላችሁ። አልቀየርኳትም፤ አትጻፉልኝ።

ባለፈው ለዛሬ ብዬ ቃል የገባሁላችሁ ወሬ ሌላ ነበር፣ እሱ ይቆይ። ማክሰኞ ማታ ያየሁት ፊልም እንቅልፍ ነስቶኛል። አስፈሪ እንዳይመስላችሁ፣ ኮሜዲ ነው! ማለቴ፣ ግማሹ። «ዊስኪ ታንጎ ፎክስትሮት»፣ በፈረንጆቹ የ2016ቱ፣ አሜሪካዊቷ ኮሜዲያን ቲና ፌይ ያለችበት። ኑሮዋ የሰለቻት ጋዜጠኛ ጦርነት ልትዘግብ አፍጋኒስታን ትሄዳለች። ታሪኩ የተነሣው ከእውነተኛ ሰው ነው፣ ከኪም ባርከር። እሷ ግን የጋዜጣ ሰው ነበረች፣ የቺካጎ ትሪቢዩን። ፊልሙ የቴሌቪዥን አደረጋትና ከስሟም «ር»ን ቆርጦ ቤከር አላት። መጽሐፏ በ2011 ሲወጣ ደግሞ አንዲት ሐያሲ ኒውዮርክ ታይምስ ላይ «ራሷን የሣለችው እንደ ቲና ፌይ ዓይነት ገጸ ባሕርይ አድርጋ ነው» የሚል ነገር ጻፈች፤ ከዚያ እውነተኛዋ ቲና ፌይ… ኧረ ተውኝ፣ ወደ ጉድጓዱ ልሂድ።

መንደር ውስጥ ነን። የአሜሪካ ወታደሮች ሴቶቹ ወንዝ ድረስ እንዳይደክሙ ብለው የውኃ ጉድጓድ ሠርተዋል። ጉድጓዱ ይፈነዳል። ይሠሩታል፣ እንደገና። ታሊባን ነዋ፣ ሌላ ማን ይሆናል! እኔም ሶፋዬ ላይ ሆኜ ፈርጃለሁ። ከዚያ የመንደሩ ሴቶች ጋዜጠኛዋን ነጠል አድርገው ቤት ያስገቧታል። ቡርቃውን ይገልጡታል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዓይኔ ጨርቅ ብቻ ነበር ያየው፤ ድንገት ፊት ሆነ። ለካ ጉድጓዱን የሚያበላሹት እነሱ ናቸው። ወንዝ መውረዱን ይፈልጉታላ! ወንዶች የሌሉበት፣ እንደልብ የሚወራበት መንገድ እሱ ብቻ ነው።

ሳቄን ለቀቅኩት። ግድግዳ እስኪደበደብብኝ። መለስኩና ደግሜ አየሁት፣ አሁንም ሳቅኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስመልሰው ግን… አልሳቅኩም። እናቴ መጣችብኝ።

ያን የስልክ ክፍያ ነገር ታስታውሳላችሁ አይደል? ቢሏን እቤቷ ቁጭ ብላ እንድትከፍል ስልኳ ላይ አስተካክዬላት፣ እሷ ግን አሁንም ሄዳ ትሰለፋለች። እዚሁ ማይክ ላይ ስንት ቀን ቀለድኩባት። ሁለቴ ደግሞ ተቆጥቻታለሁ፣ እሱን አልነገርኳችሁም። «ገባኝ ልጄ» ትለኛለች። በማግስቱ ሰልፍ።

አሁን «እናቴ ሰልፉን እንደ ወንዙ ነው የምትወደው» ብዬ ልደመድም ነበር። ግን ደስ አይልም። እናቴ ጦርነት ውስጥ አይደለችም። ምናልባትም ዝም ብላ ስልኩን አታምነው ይሆናል፣ በቃ። የሰው መከራ አንሥቶ የራስን ቤት ማስዋብ… እሱ ነገር ይቀፈኛል። ፊልሙም ራሱ ትንሽ እንደዚያ ነው። የካቡል አቧራው የኒው ሜክሲኮ አቧራ ነው፣ እዚያ ነው የተቀረጸው። ከሁሉም የወደድኩት አስተርጓሚው ፋሂም ነበር፤ ስፈልግ ተዋናዩ ክሪስቶፈር አቦት ሆኖ ተገኘ፣ አሜሪካዊ። ትወናው ግሩም ነው እኮ! ግን አፍጋኖቹ ራሳቸው የታሉ?

እና ደግሞ፣ ምን ነበር… አዎ። ፊልሙ ከወጣ ከ5 ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 2021 ላይ፣ ታሊባን ካቡል ገባ። በ2024 ደግሞ ሕግ አወጡ፤ የሴት ድምፅ በአደባባይ እንዳይሰማ የሚል። ድምፅ! እኔ እዚህ ወንበሬ ሲጥ እያለ ስለፈለግኩት ሁሉ እለፈልፋለሁ፣ እዚያ…

እና ያ ቀልድ አሁን ምኑ ነው የሚያስቀው? ያኔስ ያስቅ ነበር? ያስቅ ነበር፣ አልዋሽም። አሁንም ባየው የምስቅ ይመስለኛል። ሴቶቹ የፊልም ሴቶች ናቸው፣ አውቃለሁ። ግን ወንዝ የሚወርዱ እውነተኛ ሴቶች አሉ አይደል የሆነ ቦታ፣ እና መንገድ ላይ…

ትናንት እናቴን ሰልፉ ላይ ከማን ጋር ምን እንደምታወራ ልጠይቃት ብዬ ደወልኩ። ጠይቄያት አላውቅማ፣ ሁልጊዜ ቁጣ ነው። «ሄሎ» ስትል ስለ ሌላ ነገር አወራሁ። ስለ መድኃኒቷ። ምን ያህል እንደቀራት… እና እሷም መለሰችልኝ፣ በቃ፣ ስለ መድኃኒቷ።

ወንበሯ ናት። ቆይ፣ ላስተካክላት…