ሐኪም ቢሮ ሲገባ

ክቡራን መምህራን፣ የተመራቂ ቤተሰቦች፣ ከሁሉም በላይ ዛሬ ዶክተር ተብላችሁ የተጠራችሁ እህት ወንድሞቼ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ!

ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ አንድ ቀን ከዋርድ ወጥታችሁ ቢሮ ትገባላችሁ። ጤና ቢሮ ወይም ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ይሆናል። ያኔ "ሕክምናውን እርግፍ አድርጎ ተወው" የሚላችሁ አይጠፋም። እኔም ተብያለሁ። ዛሬም ግን አልስማማም።

እስቲ ወልዳ ደም የሚፈሳትን እናት አስቡ። አዋላጇ ደሙን እንዲያቆምላት ኦክሲቶሲን የሚባለውን መድኃኒት ትወጋታለች። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ጤና ጣቢያው መብራት ከሌለው፣ ፍሪጁም ተበላሽቶ የሚጠግነው ከጠፋ፣ አምፑሉ መደርደሪያ ላይ ቢኖርም ጉልበቱ ይደክማል። አዋላጇ የሚገባትን ሁሉ አድርጋለች። ደሙ ግን አልቆመም። ለፍሪጁ መጠገኛ ገንዘብ ማን ያዘ? ሶላሩን ማን ፈቀደ? መልሱ ያለው በጀት ሲደለደል ወረዳው ጠረጴዛ ላይ ነው። እዚያ ወንበር ላይ ያን ደም በዓይኑ ያየ ሰው ቢቀመጥ ደስ ይለኛል።

የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች "ሦስቱ መዘግየቶች" የምንላቸው አሉ። ቤት ውስጥ ለመወሰን፣ መንገድ ላይ፣ ተቋም ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። ሁለቱ ከሆስፒታላችን በር ውጭ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ደመወዝተኛ ባለሙያዎችን የመመደብ ዕቅድ የተያዘው ከዚያ በር ውጭ ላለው ሕዝብ ነው። በ1992 ዓ.ም. ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. 412 ሆነ። አሁንም ያንገበግባል፤ ግን ቀንሷል።

የዶክተር ሊያ ታደሰን መንገድ እዩ። ጅማ ሕክምና ተማሩ፣ የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ሆኑ፣ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅን መሩ፣ ከዚያ ሚኒስትር ዴኤታ ሆኑ። መጋቢት 3 ቀን 2012 ዓ.ም. ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በማግስቱ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። ወንበሩን ለመልመድ እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም። በ2016 ዓ.ም. የተተኳቸው ዶክተር መቅደስ ዳባም የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ናቸው። እኔ ይህን የአጋጣሚ ጉዳይ ብቻ አድርጌ አላየውም። ማዋለጃ ክፍል የሠራ ሰው ሙሉ መረጃ ሳይኖረው፣ ሰዓቱ እየሮጠ መወሰንን ይለምዳል።

ሐኪም መሆን ብቻውን ግን መሪ አያደርግም። ዶክተር ሊያም የጤና አስተዳደር በማስተርስ ደረጃ ተምረዋል። ግዥ፣ ሒሳብ፣ የሰው ኃይል አስተዳደር ራሳቸውን የቻሉ ሙያዎች ናቸው። ቁጭ ብላችሁ ተማሩ። ፋርማሲስቷን፣ የሒሳብ ሠራተኛውን፣ የአምቡላንስ ሹፌሩን ጠይቁ። ሹፌሩ ክረምት ላይ የትኛው ቀበሌ እንደሚቆረጥ ከማንም በላይ ያውቃል።

ቢሮ የምትገቡ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የእናቶች ሞት ቅኝት ሪፖርት ይምጣልኝ በሉ። እያንዳንዷ እናት የትኛው መዘግየት ላይ እንደቀረች ፈልጉ። ከዚያ ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ የበጀት ስብሰባ ግቡ፤ ሌላ ነገር ከመነሳቱ በፊትም አንብቡት።

አመሰግናለሁ።