እሑድ የመጣውን እንግዳ ሰኞ ማን ይጠይቀዋል?
በአጥቢያችን ዓመታዊ የአገልጋዮች ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

የተወደዳችሁ መጋቢያችን፣ ሽማግሌዎች፣ ዲያቆናት፣ መዘምራን፣ አስተናጋጆች፣ የቤት ኅብረት መሪዎች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

ስለ ቤተ ክርስቲያን እድገት እንድናገር ተመድቤአለሁ። አዲስ የመጡትን እየጎበኘ የሚጠይቀው የክትትል ክፍሉ ሪፖርት በጽሑፍ ደርሷችኋልና አላነበውም። የተሰጠኝን ጊዜ እሑድ መጥቶ ሰኞ ለሚረሳው እንግዳ ላውለው።

ይህች አጥቢያ እንዴት እንደ ተጀመረች ከእናንተ ብዙዎቹ ያውቃሉ። ቦሌ አራብሳ ውስጥ በአንዲት የኮንዶሚኒየም ሳሎን ተጠጋግተን ነበር የምንጸልየው። ድምፅ ማጉያ አልነበረንም፤ እንዲያውም ጎረቤት እንዳንረብሽ መዝሙሩን ዝቅ አድርገን እንዘምር ነበር። ሰው ግን ይጨመር ነበር። አዲስ ሰው በመጣ ማግስት ከመካከላችን አንዱ ደረጃውን ወጥቶ በሩን ያንኳኳ ነበርና። ዕቃውን ገና ካልፈታ ዕቃ እናወጣለታለን፤ ምጣድ ካልገዛ እንጀራ ይዘን እንሄዳለን።

ዛሬስ? መድረክ መሪው «ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ እባካችሁ ብድግ በሉ» ይላል። ብድግ ይላሉ። እናጨበጭባለን፣ እንዘምርላቸዋለን፣ ቅጽ እናስሞላለን። ቅጹም ጽሕፈት ቤት መሳቢያ ውስጥ ይገባል።

አንዲት እናት ነበሩ፤ ስማቸውን አልጠራም። ከመሀል ከተማ በልማት ተነሥተው፣ ተወልደው ያደጉበትን ሰፈር፣ እድራቸውንና የቡና ጎረቤቶቻቸውን ትተው እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ደረሳቸው። አንድ እሑድ የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው መጡ። ብድግ አሉ፤ አጨበጨብንላቸው። ከሳምንታት በኋላ የመገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ ቆመው አገኘኋቸውና ለምን እንደ ጠፉ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ስልኬንም ብሎኬንም የቤት ቁጥሬንም ጽፋችሁ ወሰዳችሁ። ይህን ሁሉ የጻፈ ሰው መቼም ሳይመጣ አይቀርም ብዬ በማግስቱ ቤቱን ጠራርጌ፣ ረከቦቱን ዘርግቼ፣ ስድስት ስኒ አጥቤ ደረደርሁ። ቡናውን ቆልቼ ጠበቅሁ። አቦሉ ወረደ፤ የመጣ የለም። ለብቻዬ ጠጣሁት።» በሚቀጥለው እሑድም መጥተው ነበር። ያኔ ግን አዲስ እንግዳ ስላልነበሩ የሚያጨበጭብላቸውም፣ የሚያነጋግራቸውም አልነበረም።

ወገኖቼ፣ በእኛ አገር ቡና ለብቻ መጠጣት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ያን ሳምንት ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው እናታችን አብረውኝ ሄዱ። ድፎ ዳቦ በነጠላ ሸፍነው፣ በየፎቁ ትንፋሽ እየወሰዱ አራት ፎቅ ወጡ። እማማ የክትትል ሥልጠና አልወሰዱም። የመጀመሪያው ቀን መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከቦርሳ አላወጡም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ «እዚህ እድር ገብተሻል?» አልገቡም። እማማ እጃቸውን ይዘው ወደ ብሎኩ የእድር ጸሐፊ ወሰዷቸው፤ የመመዝገቢያውንም ከራሳቸው መቀነት ፈትተው ከፈሉ። ዛሬ የዚያ ብሎክ የቤት ኅብረት የሚካሄደው በእኒያ እናት ሳሎን ነው።

ታክሲ ሰልፍ ላይ ያላገኘናቸውስ የት ናቸው? መሳቢያው ውስጥ ናቸው!

በበጀት ሰነዳችን ላይ ለድምፅ ማጉያ ገንዘብ አለ፤ ለመድረክ መብራት አለ፤ ለኮንፈረንስ ተጋባዥ አገልጋይ የሆቴል ወጪ አለ። ለክትትል ግን የታክሲና የስልክ ካርድ እንኳን በመዋጮ ነው የሚሸፈነው። ሰውን ለመጥራት ይህን ያህል ከፍለን የመጣውን ለመጠየቅ አምስት ብር ከሌለን የጠራነው ለምንድን ነው? አዳራሹ ሞልቶ እንዲታይ ነውን? አሜን የምትሉ ከሆነ በበጀቱ ድምፅ ጊዜም አሜን በሉ!

ሌላ አጥቢያ ጥለው ወደ እኛ የመጡ መዘምራንን ቆጥረንም አደግን አንበል። ይህ በጎችን ከበረት ወደ በረት ማዛወር ነው፤ የጎረቤት አጥቢያ መጋቢ እያለቀሰ እኛ የምስጋና ፕሮግራም አናዘጋጅም።

አባቶቻችን በምን አደጉ? በ1929 ዓ.ም. ሚስዮናውያኑ በጣሊያን ወረራ ምክንያት ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ 10,000 ገደማ አማኞች ጠበቋቸው። በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋና ንብረቷን ሲወርስ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ፤ በ1983 ዓ.ም. በግልጽ ስትወጣ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። አዳራሽም መድረክም አልነበራቸውም፤ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን ይሰበሰቡ ነበር። የእያንዳንዱ ሰው ስም፣ ቤትና ችግር ይታወቅ ነበር። ሳውልም ኢየሩሳሌም ሲደርስ ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ፈሩት፤ በርናባስ ግን ወስዶ ወደ ሐዋርያት አገባው። ያ አንድ ሰው ባይነሣ ሳውል በር ላይ ቆሞ ይቀር ነበር።

ስለ አሠራሩ በአጭሩ። በስልክ የሚላክ አጭር መልእክት ጉብኝት አይደለም፤ ደውላችሁ ቀን አስይዙና ሂዱ። ሴትን ሴቶች ይጠይቁ፤ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ከኦርቶዶክስ ወይም ከሙስሊም ቤተሰብ የመጣ ሰው ቤት ስትገቡ የቤቱን አባወራና እናት አክብሩ፤ ክርክር አትክፈቱ። ያያችሁትን የቤት ችግር ወደ ውጭ አታውጡ። ወጣቶች ማታ ከሥራ ስለሚገቡ ቅዳሜ ይሻላል።

ከመሳቢያው ያሉትን ቅጾች ሁሉ አውጥቼ በየብሎኩ ለይቼአቸዋለሁ፤ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። የቤት ኅብረት መሪዎች የየብሎካችሁን ሳትወስዱ እንዳትወጡ። እስከ ረቡዕ ማን ማንን እንደሚጠይቅ ጽፋችሁ መልሱልኝ። ሽማግሌዎቻችን ደግሞ ከሰዓት በኋላ በጀቱ ለድምፅ ሲቀርብ የክትትልን ወጪ ራሱን የቻለ መደብ አድርጋችሁ እንድታስገቡልን በጉባኤው ፊት እጠይቃለሁ።

ጌታ ይባርካችሁ።