ማሽኑ የማን ወገን ነው?

ክቡራትና ክቡራን፣ የመጻሕፍት ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ? በዚህ ዝናብ ፒያሳ ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ቅኝ በተገዙ አገሮች በእንግሊዝኛ ስለተጻፉ ልብ ወለዶች ስናወራ ቋንቋው ላይ እንከራከራለን። ማሽኑን ግን አልፈነው እንሄዳለን። እኔ ዛሬ ስለ ማሽኑ ላውራ።

እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣውን የናይጄሪያዊውን ደራሲ የቺኑዋ አቼቤን የመጀመሪያ ልብ ወለድ አስታውሱ። አባሜ ወደምትባል መንደር አንድ ነጭ በብስክሌት ይመጣል። ሰዎቹ ይገድሉታል። ብስክሌቱን ደግሞ ከተቀደሰው ዛፋቸው ጋር ያስሩታል። ለምን? ሮጦ ጓደኞቹን እንዳይጠራ። እዚህ ጋ ፈገግ የሚል አንባቢ አለ። እኔ አልቻልኩም። ቆይተው ሌሎች ነጮች መጡ፤ የታሰረውን ብስክሌት አይተው ሄዱ። ከዚያ በገበያ ቀን ከበው ሕዝቡን ፈጁት። ብስክሌቱ በእርግጥም ጠርቷቸዋል! የአባሜ ሰዎች ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ አያውቁም ነበር። የማን ወገን እንደሆነ ግን ገብቷቸዋል።

መጽሐፉ ራሱም በማሽን ምክንያት ሊጠፋ ነበር። አቼቤ በእጁ የጻፈውን ብቸኛ ቅጂ በታይፕ እንዲመቱለት ለንደን ላከ። ወራት አለፉ፤ ወፍ የለም። በሚሠራበት የሬዲዮ ጣቢያ አለቃው የነበረችው ሴት ለእረፍት እንግሊዝ ስትሄድ በአካል ቀርባ ባትጠይቅለት ኖሮ፣ አቧራ ለብሶ ሊቀር ይችል ነበር።

ካሪቢያን ውስጥም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1958 የእንግሊዙ ቢቢሲ ለአካባቢው ደራስያን የሬዲዮ ፕሮግራም ነበረው። የትሪኒዳድ ጸሐፊ ታሪኩን በፖስታ ለንደን ይልካል፤ እዚያ ተነቦ በሬዲዮ ደሴቶቹ ይሰሙታል። የካሪቢያን ደራስያኑ ኔይፖልና ዋልኮት በዚህ በኩል ተደምጠዋል። ጎረቤታሞች የተዋወቁት በገዢያቸው ማይክሮፎን ነው።

«እኛ ቅኝ አልተገዛን፤ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ያገባናል። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ አለን። ከዚያ ወዲህ የአማርኛ ደራሲ ለኅትመት የግድ ባሕር መሻገር አላስፈለገውም። (ሳንሱሩ ራሱን የቻለ ምሽት ይፈልጋል።) ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ግን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 መጽሐፉ የታተመው ለንደን ነው።

ከዚያ ሌላ ማሽን መጣ። እ.ኤ.አ. በ2002 ኬንያዊው ደራሲ ቢንያቫንጋ ዋይናይና ለአፍሪካውያን አጭር ልብ ወለድ የሚሰጠውን የኬይን ሽልማት ያሸነፈው ኢንተርኔት ላይ በወጣ ጽሑፍ ነው። በዓመቱ ናይሮቢ ላይ «ክዋኒ?» የተባለውን መጽሔት ከጓደኞቹ ጋር አወጣ።

ወጣቶች፣ እናንተ በቴሌግራም ትጽፋላችሁ። ጥሩ ነው። ግን ታሪካችሁ ውስጥ ስልክ ስታስገቡ ለጌጥ አታድርጉት። ኔትወርክ ሲጠፋ ማን ከማን እንደተቆራረጠ፣ ካርድ የሚሞላው ማን፣ የሚለምነው ማን እንደሆነ አሳዩን። በሚቀጥለው ወር እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ይዛችሁ ኑ፤ እዚሁ ጮክ ብለን እናነበዋለን።