ስዊድን ተወልዳ ግራራችን ላይ የምትውለው ወፍ

[ምስል፦ የመስከረም ማለዳ። ትልቅ ግራር። ቅጠሉ መሃል የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል።]

ግራሩ ላይ አተኩሩ። ያቺ ትልቋ አይደለችም። ከእሷ ጀርባ፣ ቅጠሉ መሃል የምትቁነጠነጠው። ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቡናማ ጀርባ፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ደረት፣ ከዓይኗ በላይ ነጣ ያለ መስመር። አገኛችኋት? በቃ፣ ጠፋች።

ስሟ ዊሎው ዋርብለር ነው። ክብደቷ ከ9 እስከ 10 ግራም አካባቢ ነው፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር በሉት። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ሰሜን ስዊድን፣ ፊንላንድ ወይም ሩሲያ ጫካ ውስጥ ነበረች። በረሃውን አቋርጣ እዚህ ደርሳለች። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደግሞ መንገዱን መልሳ ትይዘዋለች።

ዛሬ የምናወራው ለምን እንደምትመጣ፣ ለምን እንደምትመለስ፣ እዚያ ሄዳ ደግሞ እንዴት እንደምትራባ ነው። ወራቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ዓመቱን ግን በፈረንጆቹ።

[ምስል፦ ካርታ። ከሰሜን አውሮፓ ወደ አፍሪካ የሚወርዱ መስመሮች።]

"ወፎች የሚመጡት ብርድ ሸሽተው ነው" ሲባል ሰምታችኋል። ከቀን መቁጠሪያው ጋር ግን አይገጥምም። ይቺ ወፍ ሰሜን አውሮፓን መልቀቅ የምትጀምረው ነሐሴ ላይ ነው። ያኔ እዚያ ገና በጋ ነው፤ ሰው በካናቴራ ነው የሚሄደው። ከምን ብርድ ነው የምትሸሸው?

የምትሸሸው ረሃብን ነው። ምግቧ ትንኝ፣ ክሽክሽ፣ አባጨጓሬ፣ ትናንሽ ሸረሪት ነው። የእዚያ አገር በጋ ሲያልቅ ትንሽ ፍራፍሬም ትቀምሳለች፤ ግን በዚያ ክረምቱን አትገፋም። ምንቃሯ እንደ ወረንጦ ቀጭን ስለሆነ ጠንካራ ፍሬ መስበር አይሆንላትም። ነፍሳቱ እስኪያልቁ ከጠበቀች ደግሞ ለጉዞው የሚሆን ስብ የምታጠራቅምበት ነገር አይኖርም። ስለዚህ ገበታው ገና ሙሉ እያለ በልታ፣ ወፍራ ትነሳለች።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ተቃራኒው ጥያቄ ነው። አፍሪካ ይሄ ሁሉ ነፍሳት ካለ፣ ለምን እዚሁ አትወልድም? ለምን ያን ሁሉ አገር አቋርጣ ትመለሳለች?

[ምስል፦ የሰሜን ስዊድን የበርች ጫካ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ ፀሐይ ግን አልጠለቀችም።]

መልሱ ይሄ ብርሃን ነው። እዚህ ወገብ አካባቢ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል። ሰኔ ላይ ሰሜን ስዊድን ግን ሌሊት የለም ማለት ይቻላል። ጫጩት ለሚያበላ ወላጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ነፍሳቱም በአንዴ ይፈላሉ፤ ከዚያ በጥቂት ሳምንት ያልቃሉ። ክረምቱን እዚያው ችለው የሚያሳልፉት ወፎች ጥቂት ስለሆኑ ለዚህ ሁሉ ምግብ በቂ ተሻሚ የለም። እኛ ጋ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚኖር ወፍ ብዙ ነው፤ እንቁላልና ጫጩት የሚዘርፈውም እንዲሁ።

መኖሪያ ስትመርጥ ጥቅጥቅ ያለ የድሮ ጫካ አትወድም። ወጣት በርች፣ የአኻያ ቁጥቋጦ፣ የጫካ ዳር፣ ብርሃን የሚገባበት ቦታ ነው የሷ። እንዲህ ዓይነት ቦታ በስዊድንና በፊንላንድ ሞልቷል፤ ወፏም እዚያ በጣም ብዙ ከሚባሉት መካከል ናት።

መጀመሪያ የሚደርሱት ወንዶቹ ናቸው። ደቡብ እንግሊዝ መጋቢት መጨረሻ ላይ ይገባሉ። ሰሜን ስዊድን ግን ግንቦት ላይ ነው፤ መሬቱ ላይ ገና በረዶ ሊኖር ይችላል። ሴቶቹ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ዘግይተው ይመጣሉ። ወንዱ በዚህ መሃል ቦታ ይይዛል። ደህና ቁጥቋጦ ቶሎ የያዘ ሚስት የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። የዘገየው የተረፈውን ነው የሚወስደው።

[ድምፅ፦ የወንዱ ዜማ። ሦስት ጊዜ ይደገም።]

ቦታው የኔ ነው የሚለው በዚህ ዜማ ነው። ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ጠንከር ይላል፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ይጠፋል። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ሲያዩት ከዘመዶቹ የማይለይ ወፍ፣ አፉን ሲከፍት ግን ወዲያው ይታወቃል። ጊልበርት ዋይት የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1768 አንድ ተደርገው ይታዩ የነበሩትን እነዚህን ትናንሽ ወፎች ሦስት የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን ለይቷል። ትልቁን ሥራ የሠራለት ጆሮው ነው።

ሴቷ ስትመጣ ሥራው ወደ እሷ ይዞራል። ቀኑን ሙሉ ዛፍ ላይ የምትውል ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው የት ይመስላችኋል? መሬት ላይ! ሳር ሥር ወይም ቁጥቋጦ ግርጌ ደብቃ፣ ከደረቅ ሳርና ቅጠል ጣሪያ ያለው ክብ ቤት ትሠራለች። በሩ በጎን ነው። ውስጡን ላባ ታነጥፍበታለች። ግንባታው የሷ ብቻ ነው፤ ወንዱ አይነካውም።

[ምስል፦ ጎጆው በቅርበት። ውስጡ ሰባት እንቁላል። ነጭ፣ ቀላ ያለ ነጠብጣብ ያለበት።]

በቀን አንድ እንቁላል ትጥላለች። ብዙ ጊዜ ስድስት ወይም ሰባት ይሆናሉ፤ ከአራት እስከ ስምንትም ይደርሳል። እያንዳንዱ ከ1 ግራም በላይ ነው። ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ወፏ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ከራሷ ክብደት ብዙም የማያንስ እንቁላል ታወጣለች፤ ያውም አህጉር አቋርጣ በመጣች ማግስት።

ከዚያ ከ12 እስከ 14 ቀን ትታቀፋለች። እሱም የሷ ብቻ ሥራ ነው። ወንዱ በዚህ ጊዜ አካባቢውን ይጠብቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሁለተኛ ሚስት ፍለጋ ይሄዳል። (አትዩኝ እንዲህ፤ እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ተመራማሪዎቹ ናቸው።) ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ግን ሁለቱም ያመላልሳሉ። ጫጩቶቹ ራቁታቸውንና ዓይናቸው ሳይከፈት ነው የሚወጡት። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሞላቸው ጎጆውን ጥለው ይወጣሉ፤ ገና በቅጡ መብረር ሳይችሉ። ለተወሰነ ጊዜ ወላጆቻቸው ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ እየተከተሉ ያበሏቸዋል።

አሁን ቀኑን እንደምረው። ሴቷ ግንቦት አጋማሽ ላይ ሰሜን ስዊድን ገባች እንበል። ጎጆውና እንቁላሉ ሁለት ሳምንት፤ ሰኔ ገባ። መታቀፉ ሁለት ሳምንት፣ ጎጆ ውስጥ ማብላቱ ሁለት ሳምንት፤ ሰኔ አለቀ። ከጎጆ ውጪ ማብላቱ ሲጨመር ሐምሌ ተጋመሰ። ነሐሴ ላይ መነሳት አለባት። ለሁለተኛ ዙር የሚሆን ክፍተት የለም። ጎጆው መጀመሪያ ላይ በቀበሮ ወይም በእባብ ከተበላ እንደገና ትሞክራለች። ዘግይቶ ከተበላ ግን የዚያ ዓመት ነገር አበቃ።

በዚህ ጥድፊያ መሃል ደግሞ ሌላ ሥራ አለባት። ላባ መቀየር። ከወለደች በኋላ፣ ከመነሳቷ በፊት፣ ላባዋን በሙሉ ትለውጣለች። ሌሎች ወፎችም ይለውጣሉ፤ በዓመት አንዴ። ይቺ ግን አፍሪካ ደርሳ ደግሞ ሁሉንም እንደገና ትቀይራለች። በዓመት ሁለት ጊዜ ሙሉ ልብስ! በወፎች ዘንድ ይሄ በጣም ያልተለመደ ነው። "አፍሪካ ለዕረፍት ነው የምትመጣው" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይሄንን ንገሩት።

[ምስል፦ የስዊድን ካርታ። መሃሉ ላይ አግድም መስመር።]

ጉዞው ላይ አንድ ጉድ አለ። ደቡብ ስዊድን የተወለዱት ወደ ደቡብ ምዕራብ አቅንተው ምዕራብ አፍሪካ ይገባሉ። ሰሜን ስዊድን የተወለዱት ወደ ደቡብ ምሥራቅ አቅንተው ምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ ይወርዳሉ። ወሰኑ 62ኛው ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ነው። ለዓይን አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ወጣቶቹ ደግሞ ወላጅ ሳይመራቸው፣ በሌሊት ነው የሚበሩት። ታዲያ ማን ነገራቸው?

ከውስጣቸው ነው። የስዊድኑ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወሰኑ ላይ በሚኖሩ ወፎች ጀርባ ላይ ብርሃን የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ አሰሩ። ፀሐይ የወጣችበትንና የገባችበትን ሰዓት አይቶ ወፏ የት እንደነበረች መገመት ይቻላል። ችግሩ መሣሪያው ምንም አይልክም፤ በዓመቱ ያችኑ ወፍ እንደገና መያዝ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት፣ የአቅጣጫው ልዩነት በአብዛኛው በሁለት የዘረመል ክፍሎች እንደሚወሰን አሳዩ።

ከሁሉም ሩቅ የምትሄደው ግን የሩሲያ ምሥራቅ ጫፍ ወፍ ናት። ካርታ ላይ ስታዩት እስያ ደቡቡ ይቀርባታል። እሷ ግን አፍሪካን ነው የምትመርጠው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ 13,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትበራለች። መሄጃው ብቻ።

[ምስል፦ ወደ ግራሩ እንመለስ።]

እኛ ጋ የምታልፈው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ዝናቡ ካበቃ በኋላ ቅጠሉ ለምለም ነው፣ ነፍሳቱም ብዙ ናቸው። አንዳንዷ እዚሁ ትከርማለች፤ ሌላዋ ጥቂት ቆይታ ወደ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ከዚያም በታች ትወርዳለች። ከቺፍቻፍ ጋር አታምታቷት። እሱም ከአውሮፓ መጥቶ ደጋው ላይ የሚከርም ዘመዷ ነው። እግሯን እዩ፤ የሷ ፈዛዛ ሲሆን የሱ ጠቆር ይላል። መጋቢት ላይ ደግሞ ጆሯችሁን ስጡ። ወንዶቹ ገና ከአፍሪካ ሳይወጡ ይዘምራሉ።

ቁጥሯ በየቦታው አንድ አይደለም። ደቡብ እንግሊዝ ውስጥ ባለፉት አሥርተ ዓመታት በጣም ቀንሷል፤ ስኮትላንድ ግን ያን ያህል አልተጎዳም። የሚወልዱበት ቦታ አየርና ጫካ መለወጡ አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። የሚከርሙበት የአፍሪካ ሁኔታም ይነካቸዋል።

በመጨረሻ አንድ ነገር። የሞተች ወፍ አግኝታችሁ እግሯ ላይ ቀጭን የብረት ቀለበት ካለ አትጣሉት። ቁጥርና ቀለበቱን ያሰረው ተቋም ወይም አገር ስም ተጽፎበታል። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉና ለተቋሙ ላኩ። የት እንደታሰረላትና መቼ እንደሆነ መልሰው ይነግሯችኋል። ወፏ በሕይወት ካለች ግን ቀለበቱን አትፍቱ። ቁጥሩን አንብቡና ልቀቋት።