ሲሻል ነው መሮጥ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ኮዬ ፈጬ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው፤ የግንባታ ድምፅ ከገባባችሁ ይቅርታ።

ስለ መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ ባጭሩ ኤምኤስ ስለሚባለው ሕመም ላወራችሁ ነው። ታናሽ እህቴ አለባት። እንዳወራው ፈቅዳልኛለች።

የጀመራት በአንድ ዓይኗ ነው። ስታንቀሳቅሰው ያማታል፣ ቀይ ነገር ደብዝዞ ይታያታል። ጎረቤት «ምች ነው» አለ። እናታችን ጠበል ወሰደቻት። ከሳምንታት በኋላ ለቀቃት፤ ተመስገን ብለን ተቀመጥን። ቆይቶ ደግሞ እግሯ ደነዘዘ። እሱም ለቀቃት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ «ለቀቃት» የሚለው ነው። ኤምኤስ ብዙ ሰው ላይ እንዲህ ነው የሚመጣው። ይነሳል፣ ከዚያ መድኃኒት ባይሰጠውም ይበርዳል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን የተደረገው ሁሉ ያዳነ ይመስላል። ጠበሉም፣ ዳማከሴውም፣ የቫይታሚን መርፌውም። ጠበልን እየነቀፍኩ አይደለም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ሕመሙ ዝም አለ ማለት ሥራውን አቆመ ማለት አይደለም። ሰው ደህና ነኝ በሚልበት ጊዜ እንኳ ኤምአርአይ ሲነሳ አንጎሉ ላይ አዲስ ቁስል ሊገኝ ይችላል።

ነርቮቻችን እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ ሽፋን አላቸው፤ ማይሊን ይባላል። ኤምኤስ ላይ የገዛ ሰውነታችን መከላከያ ይህን ሽፋን ያጠቃዋል። ለምን? እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ተገኝቷል። በፈረንጆቹ 2022 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መረጃ ተከታትለው ያገኙትን አሳተሙ። ኤፕስታይን-ባር በሚባለው ቫይረስ ከተያዙ በኋላ በኤምኤስ የመታመም ዕድል 32 እጥፍ ይጨምራል። ቫይረሱ ግን አብዛኞቻችን ውስጥ አለ፤ ብቻውን አያሳምምም። የሚደበቀው ቢ ሴል በሚባሉ የደም ሕዋሳት ውስጥ ነው። ዛሬ በደንብ ከሚሠሩት መድኃኒቶች አንዳንዶቹም እነዚህኑ ሕዋሳት የሚቀንሱ ናቸው።

መድኃኒቱ ራሱ ሩቅ ታሪክ የለውም። ኢንተርፌሮን የሚባለው የኤምኤስ መድኃኒት መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በፈረንጆቹ 1993 ነው። ያለ ፋታ ቀስ እያለ ለሚብሰው ዓይነት ደግሞ እስከ 2017 ድረስ የተፈቀደ መድኃኒት አልነበረም። ያን ዓመት ኦክረሊዙማብ መጣ።

እኔን በጣም ደስ ያለኝ የ2023ቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሦስት የኤምኤስ መድኃኒቶችን መሠረታዊ የመድኃኒት ዝርዝሩ ውስጥ አስገባ፤ አንዱ ሪቱክሲማብ ነው፣ ሊምፎማ ለሚባለው ካንሰር ለዓመታት ሲሰጥ የኖረው። አገሮች የራሳቸውን ዝርዝር ሲያወጡ ይህን ያያሉ። ዋጋው አሁንም ከባድ ነው፣ ቢሆንም በሩ ተከፍቷል።

እህቴ መድኃኒቱን ጀምራለች። የቆመው አዲሱ ጥቃት ነው፤ የተጎዳው ግን አልተመለሰም። ፀሐይ ሲበረታ እግሯ ይከብዳታል። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ሊፍት የለውም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ በየመሐሉ ትቀመጣለች። የጠፋውን ሽፋን የሚመልስ መድኃኒት ገና እየተሞከረ ነው። ስለዚህ ጊዜ ነው ዋናው ነገር።

እባካችሁ፣ በተለይ ወጣት ሴቶች፣ ሴቶችን ይበልጥ ስለሚይዝ ነው። አንድ ዓይን ከደበዘዘ፣ ወይም አንድ ጎን ለቀናት ከደነዘዘ፣ ቢለቃችሁም የነርቭ ሐኪም ጋ ሂዱ። የድሮውንም ሳታስቀሩ ንገሩት። ሐኪሙ ሕመሙን የሚለየው በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ የሰውነት ክፍል የታየውን አንድ ላይ አድርጎ ነው። መቼ እንደጀመረና መቼ እንደለቀቀ ስልካችሁ ላይ ጻፉት።