«አንብቡ» አትበሏቸው፣ ያነበባችሁትን ንገሯቸው

እንደምን አረፈዳችሁ! የንባብ ክበብ ተጠሪዎች፣ የተማሪ ፓርላማ አባላት፣ ሚኒ ሚዲያዎች፣ መምህራን፣ ወላጆች፣ እንኳን ወደ ዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ለለመዳችሁት ምንም አልልም። ከሸዋ ሮቢት ለመጣችሁት ግን፣ ጋቢ ያልያዘ ካለ ጋቢ ወደያዘው ይጠጋ። መንገድ አልመች ብሏቸው የቀሩ አባላትም አሉን፤ ዛሬ የተባለውን ደውላችሁ ንገሯቸው።

ንግግር አላረዝምም ብዬ ለጸሐፊያችን ቃል ገብቻለሁ። የማነሳው አንድ ነገር ነው። ወንዶቹ ልጆች ልቦለድ አያነቡም። ሁሉም አልልም፣ ብዙዎቹ። የትምህርት ቤታችሁን የውሰት መዝገብ ገልጣችሁ እዩት፤ እኔ ባየኋቸው ላይ ልቦለድ የተዋሱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፣ ወንዱ የወሰደው የፈተና አጋዥ መጽሐፍ ነው። ለምን ስትሉት «ልቦለድ የሴት ነገር ነው» ይላችኋል፣ ወይ ደግሞ «ጊዜ የለኝም»፣ ያው ጊዜ የሌለው ልጅ ቅዳሜ ከሰዓት ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ሁለት ጨዋታ በላይ በላዩ ያያል። በኳሱ ቅር አይለኝም። እኔም አያለሁ።

እኛስ ምን አደረግን? በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ማይክ ይዘን «ንባብ ሙሉ ሰው ያደርጋል» አልን። ልጁ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ በዚያ ብርድ፣ ቶሎ ጨርሰው በለቀቁን ይላል። አይፈረድበትም።

ባለፈው ዓመት ግን ከአባል ክበቦቻችን በአንዱ ሌላ ነገር አየሁ። የ11ኛ ክፍል ልጅ ነው፣ የትምህርት ቤቱ ቡድን አምበል፣ ፓርላማ ውስጥም አለበት። ማይኩን ሰጡት። ጋዜጣ የተለበጠ፣ ጀርባው በፕላስተር የተያያዘ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከፍ አድርጎ ያዘና «ይሄን መጽሐፍ መጀመሪያ ጠልቼው ነበር» ብሎ ጀመረ። «ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ዘልያለሁ። ጉዱ ካሣ ሲመጣ ግን ማስቀመጥ አቃተኝ። አገሩ ሁሉ እብድ ይለዋል፣ እውነቱን የሚናገረው ግን እሱ ነው። መጨረሻውን አልነግራችሁም። ያለኝ ይሄ አንድ ነው፣ ማን ይወስደዋል?» አለቀ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በእረፍት ሰዓት ለዚያች አንድ መጽሐፍ ወረፋ ተያዘ፣ ያውም በኋላ ወንበር ልጆች!

እኔ ስንት ዓመት ለፍልፌ ያላገኘሁትን ነው ያገኘው። መምህር ሲናገር ልጁ «ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል ማለት ነው» ብሎ ያስባል። እናት ስትናገር ምክር ይሆናል። አምበሉ ሲናገር ግን የሚሰማው የሚያደንቀውን ልጅ ነው፤ ደግሞም አላስመሰለም፣ የዘለለውን ዘለልኩ አለ፣ ከዚያ መጽሐፉ እጁ ላይ ነበር። «ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ ተዋሱ» ቢል ኖሮ የሚሄድ አልነበረም።

ስለዚህ እናንተ መሪዎች፣ የምትወዱትን ንገሩ፣ የሚያስከብራችሁን አይደለም። ያላነበባችሁትን መጽሐፍ ማሞገስ ይቅርባችሁ። ልጆች ወዲያው ይነቁባችኋል።

የትኛውን መጽሐፍ ለሚለው፣ እዚህ ላይ ከአንዳንድ መምህራን ጋር አንስማማም፣ ይቅር በሉኝ። ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ስጡት። ገዳም አለው፣ ሳይንስ አለው፣ ስለላ አለው፤ ልጁ እራቱን ትቶ ያነባል። «ክላሲክ አይደለም» የሚለኝ ሰው አለ። አይሁን! መጀመሪያ አንድ መጽሐፍ ይጨርስ። አንድ የጨረሰ ልጅ ሁለተኛውን ራሱ ይጠይቃችኋል። ያኔ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» አቀብሉት። አስመራ፣ ጦርነት፣ ጋዜጠኛው ፀጋዬና ፊያሜታ፤ ለወንድ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው እንደታገደ፣ ደራሲውም በ1976 የገባበት እንደጠፋ ስትነግሩት ደግሞ ገጹን የሚያገላብጥበት እጁ ይለወጣል።

የኛውን ሰው ደግሞ አንርሳ። ዳኛቸው ወርቁ የደብረ ሲና ልጅ ነው፤ «አደፍርስ»ን በ1962 ዓ.ም. ሲያሳትም ዩኒቨርሲቲ ቀምሶ የመጣ ወጣት እዚሁ አገራችን፣ ከጣርማ በር ቁልቁል ባለው አገር፣ ከባላገሩና ከወይዛዝርቱ ጋር ሲከራከር ነው ያሳየን። አውቶቡስ ሲቆም ቆሎ ይዞ ወደ መስኮቱ የሚሮጠው የደብረ ሲና ልጅ የገዛ አገሩ ልቦለድ ውስጥ እንዳለ ይወቅ። ግን ከባድ መጽሐፍ ነው፤ ተረትና ምሳሌው ብዙ፣ አማርኛው ጥቅጥቅ ያለ። ለጀማሪ አትስጡት፣ ያስኮርፈዋል። ለ12ኛ ክፍል ልጅ፣ ለዚያውም ክርክር ለሚወደው፣ ይሁን።

«ልጁ ስልክ ላይ ነው የሚውለው» ለምትሉኝ፣ በስልኩ ትረካ ይስማ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙትን ያንኑ «ፍቅር እስከ መቃብር» ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ አልነበረም እንዴ የሰማው? ከሰሙት ውስጥ ኋላ መጽሐፉን ፈልገው ያነበቡ ብዙ ናቸው። በሕይወት ያለ ደራሲ ድርሰት ፒዲኤፍ በቴሌግራም መበተን ግን በኛ ክበብ ስም አይደረግም። ሰውየው እንጀራው ነው።

እህቶቼ፣ ክበቦቹን አብዛኛውን ጊዜ ደግፋችሁ ያቆማችሁት እናንተ ናችሁ። ወንዶቹን የመለመኑን ሥራም እናንተው ላይ መጣል ግፍ ነው። ዘንድሮ እሱን ወንዶቹ መሪዎች ይሥሩት። በየሳምንቱ አንድ ልጅ፣ አንድ ልቦለድ፣ ሁለት ደቂቃ፣ መጽሐፉ በእጅ። የፓርላማ ሰብሳቢ ብቻ አይሁን፤ አምበሉም፣ የክፍል አለቃውም፣ ያ ሁሌ የሚያስቀው ልጅም ይውጣ። እንዲያውም እሱ ይቅደም።

የሚቀረን ብር ነው። የመጽሐፍ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፤ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ብንገዛ ያዋጣናል ባይ ነኝ፣ ገንዘብ ያዣችን ግን ሌላ ሐሳብ አላቸው፣ ሪፖርቱ ላይ ታገኙታላችሁ። ተከራከሩበት። ሻዩ የሚመጣው ከሪፖርቱ በኋላ ነው፣ በፊት አይደለም። ጉባኤው ተከፍቷል።